ጡረተኛዋ

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚለው ተረት ዴይንፈርን የደረሰ አይመስለኝም። ዴይንፈርን እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ሎኬሽን ከሚባለው ከእኛ የድሃ ሰፈር ከዲፕስሉት ብዙም ሳይርቅ በአጥር የተከለለ የባለጸጎች ሰፈር ነው። እዚያ ቤት ሠራተኛ የሆነች ደንበኛዬ፣ አሠሪዎቿ አገር ለቀው ሲሄዱ አሮጊት ድመታቸውን አስታቅፈዋት፣ ይዛት ስፓዛዬ፣ ትንሿ የሰፈር ሱቄ፣ ድረስ መጣች። "ማይ ፍሬንድ፣ መቼም አንተ ጋ አይጥ አይጠፋም" አለችኝ። እዚህ የሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው።

አይጥስ አይጠፋም። ዲፕስሉት እ.ኤ.አ. በ1995 ዜቨንፎንቴይን ከሚባል ቦታ ለተነሡ ሰዎች ለጊዜው ተብሎ የተቆረቆረ ነው፤ ጊዜያዊው ቆርቆሮ ግን እየተባዛ እስከ ዛሬ አለ፤ ቆሻሻው ሲከመር አይጡ ይፋንናል። የመረረው ሰው መንገድ ላይ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን መርዝ ይገዛል። በኦክቶበር 2024 ሶዌቶ፣ ናሌዲ ውስጥ ስድስት ሕፃናትን የፈጀው ቴርቡፎስ የእርሻ መርዝ ነው፤ ሰው ግን ለአይጥ ይገዛዋል። መርዙ ከስፓዛ መጣ ተብሎ ጣት ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። በኖቬምበር ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ሱቆቹ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ። የመርዝ ስም ማንሳት በሚያስፈራበት በዚያ ሰሞን ድመቷ ከሰማይ የወረደችልኝ መሰለኝ።

እመቤቲቱ ለካ በከረጢት ምግብ ያደገች ናት። አይጥ በዱቄቱ ጆንያ ላይ ሲሮጥ ቀና ብላ አየችውና መልሳ ተኛች። የዶሮ አንጀት ብሰጣት አሽትታ ፊቷን አዞረች። ይባስ ብሎ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ምግብ በሚሸጥበት ቤት እንስሳ ክልክል ነው። አይጡን አላየም፤ እሷን አየ።

ጄፒ በሚባለው የከተማው የሐበሾች ገበያ ዕቃ የሚያከፋፍል ጓደኛዬን እንዲወስዳት ለመንኩት።

"አይጥ ትይዛለች?"

"አትይዝም።"

"ትወልዳለች?"

"ማህፀኗን አውጥተውላታል።"

"ታዲያ እኔ ልጡራት?"

የእንስሳት መጠለያ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት አልዋሸችኝም፦ ሙቀት ሲገባ ግልገሎች ይጎርፋሉ፣ ሰውም የሚመርጠው እነሱን ነው፤ አሮጌዎቹ ቦታ ይዘው ይከርማሉ። አልፈርድም። ግልገል ጨዋታ ይዞ ይመጣል፤ አሮጌ ድመት የኩላሊትና የጥርስ ወጪ።

የወደዷት ጎጎ (አያት) የምላቸው ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ። ታቅፈዋት ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። ማታ ልጃቸው መልሶ አመጣት። "ማይ ፍሬንድ፣ ድመቷ ምንም አላጠፋችም። ግን አሮጊት ከድመት ጋር ከታየች ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ።" አውቃለሁ። በዚህ አገር ጠንቋይ ተብለው ቤታቸው የተቃጠለባቸው አሮጊቶች አሉ። አንዲት እናት ያለው ልጅ ምን ያድርግ?

አሁን ከሱቁ ጀርባ፣ እኔው በምተኛባት ክፍል ታድራለች፤ ለአይጡ ወጥመድ ገዛሁ። ከጄፒ ስመለስ የእሷን ከረጢት እጨምራለሁ፤ ጓደኛዬ ከምሳዬ እንደሚወደድ ሳይነግረኝ አይሸኘኝም። ትናንት ያቺ ደንበኛዬ ብቅ አለችና፣ ጎረቤት ግቢ የምትሠራው ጓደኛዋ አሠሪዎች በዲሴምበር ሊሄዱ ነው፣ ሽማግሌ ድመት አላቸው፣ ብላ ጀመረች። ሱቅ ልዘጋ ነው አልኳት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።