ከስድስት እስከ ዘጠኝ

አምስተርዳም ውስጥ ዝናብ ከነፋስ ጋር ነው የሚመጣው። ያን ዕለት ወደ ሙዚየም ስንሄድ ትራሙ መንገድ ላይ ቆመና ውረዱ ተባልን። የሚስቴ አጎት እዚያ ከተማ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ኮታቸውን ቆለፉና «በእግር እንሂድ፣ ቅርብ ነው» አሉኝ። ቅርብ አልነበረም። ብብቴ ውስጥ የያዝኩት መጽሐፍ ራሰ። ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1653 የሠራው «ሦስቱ መስቀሎች» ያለበት መጽሐፍ ነው፤ ስንት ዓመት ያየሁት፣ ብርሃኑ ከሰማይ ተንዶ ጌታችንን ከነመስቀሉ፣ ከግርጌው የቆመውንም ሕዝብ ያጥለቀለቀበት ሥዕል።

ሙዚየሙ በር ላይ «ቀጠሯችሁ አልፏል» ተባልን። ጋሼ በደችኛ ለመኗቸው። አንዲት ወጣት ሠራተኛ አዘነችልንና አስገባችን። እንዲህ ከመዳብ ሰሌዳ ወረቀት ላይ የታተመ ሥራ ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ አይሰቀልም፤ ብርሃን ወረቀቱን ስለሚጎዳው ሣጥን ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ሣጥኑ ሲከፈት ልቤ ወረደ። የኔ ሥዕል አልነበረም። ሕዝቡ የት ገባ? ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር ጭረት ብዙውን ሰው ውጦታል፤ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የለም ማለት ይቻላል። በስተግራ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ፈረሰኛ ቆሟል። ልጅቷ አስረዳችን፤ ሬምብራንት ያንኑ የመዳብ ሰሌዳ በኋላ እንደገና አንስቶ ፍቆና ጭሮ ያወጣው አራተኛው መልክ ነው፤ ሰሌዳው በተለወጠ ቁጥር የሚወጣው እትም «መልክ» ይባላል። የመጀመሪያውን ብጠይቅ ለሌላ አገር ዐውደ ርእይ አውሰውታል።

ቅሬታዬን ጋሼ አዩብኝ።

«ስቅለት ለት ስትሰግድ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ምን ሆነ ሲባል ነው የምትሰማው?»

«ጨለማ ሆነ።»

«እኮ! አንተ መጽሐፍ ላይ ያለው ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም፣ ልጄ።»

ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ያየሁት።

ሰሌዳው በአብዛኛው በአሲድ የተበላ አይደለም፤ በመርፌ በቀጥታ መዳቡ ላይ የተጫረ ነው። መርፌው ሲያልፍ የተገፋው መዳብ በጭረቱ ዳር ይነሳል፤ ቀለም ይዞ ያንን ለስላሳ ጥቁረት የሚሰጠው እሱ ነው። ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ይረግፋል። ስለዚህ ሰሌዳው እያተመ ይሞታል። ሬምብራንት በ1656 ዕዳ መክፈል አቅቶት ንብረቱ ለሐራጅ ቀረበ፤ ጨለማውን ሁሉ በዚህ የሚያብራሩ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ያለቀ ሰሌዳ ያነሳ ሠራተኛ በእጁ ያለውን መዳብ ነው የሚያስበው፤ የሚበዛው ምክንያት እዚያው መዳቡ ላይ ይመስለኛል።

ብርሃኑንስ? ማንም አልሳለውም። መርፌ ያልነካው ቦታ ነው፤ ባዶ ወረቀት። በመጀመሪያው መልክ ባዶው ሰፊ ስለነበር ሞት እንኳ ድል ይመስል ነበር። እዚህ ግን ጭረቱ ከየአቅጣጫው ገፍቶ መጥቶ በጌታችን ዙሪያ ጥቂት ባዶ ትቷል። ያቺ ጥቂት ብርሃን ከመጽሐፌ ጎርፍ ይልቅ ከበደችኝ። ሰው የሞተበት ቤት ገብቶ የሚያውቅ፣ ብርሃን ሁሉን ነገር ግልጽ እንደማያደርግ ያውቃል፤ ፊት ለፊት ያለውን አንድ ፊት ብቻ ያሳያል። ሬምብራንት ሚስቱን ሳስኪያን በ1642 ቀብሯል፤ ሕፃናት ልጆችም ቀብሯል።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር። መቼ እንዳወለቁት አላየሁም።

ለኔ አራተኛው መልክ ይበልጣል። እናንተም ዕድሉ ከገጠማችሁ አስቀድማችሁ ጻፉና ሁለቱም ቦታቸው ላይ መኖራቸውን አረጋግጡ። ብርሃናማውን አስቀድሙ፤ ጨለማውን ግን ሳትቸኩሉ፣ ዓይናችሁ እስኪለምደው ቆማችሁ እዩት።