የመንጌን ዝናብ ንቆ ጥናት ማበላሻ መንገድ

የዱር እንስሳት ቆጠራችሁ ዋጋ እንዲያጣ ከፈለጋችሁ ሥራውን ገና ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ጀምሩት። የመስክ ጉዞውን ቀን የበጀት ዓመቱ ይወስነው። ሰኔ 30 ያላለቀ ገንዘብ ይመለሳልና በሰኔ ማብቂያ መኪና አስነሱ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ አሶሳ፣ ከዚያም በአፈር መንገድ መንጌ ወረዳ ስትደርሱ ክረምቱ ደንበኛ ጉልበቱን አግኝቶ ይቆያችኋል። መንጌ ያለችበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በዓመት አንድ የዝናብ ወቅት አለው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ የሚበረታውም ሐምሌና ነሐሴ ነው። ይህን የአካባቢው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ ግን በጥናት ዕቅዳችሁ ውስጥ አትጻፉት።

መንጌ ስትገቡ የቤርታ ብሔረሰብ ሽማግሌዎችን ሰላም ሳትሉ በቀጥታ ወደ ቀርከሃው ጫካ ዝለቁ። ጅረት ዳር ወርቅ የሚያጥቡ እናቶችን ካገኛችሁም አልፋችኋቸው ሂዱ። እነዚህ ሴቶች ኑሯቸው ከውሃው ጋር ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ የዘነበው ውሃ በድንገት እንደሚደርስ፣ የትኛው መሻገሪያ እስከ መቼ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው አውሬ ሌሊት ውሃ ሊጠጣ እንደወረደ ያውቃሉ። ጥናታችሁ እንዲከስር ይህን ዕውቀት በጂፒኤስ ተኩት። መንገድ መሪ ብትቀጥሩ እንኳ ዕቃ ይሸከምላችሁ እንጂ አስተያየቱን አትጠይቁ፤ በሪፖርቱ የምስጋና ገጽም ላይ ስሙን አታንሱ።

ቀጥሎ ዱካ ፍለጋ ውጡ። ዱካ ቀላል ነገር አይደለም። ከመንጌ በስተሰሜን ርቆ፣ በሱዳን ድንበር ላይ ባለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በጥር 2008 ዓ.ም ለዓለም ሲገለጽ ማስረጃው የአንበሳ ዱካና ካሜራ ያነሳው ምስል ነበር። ሁለቱንም ዝናብ ያጠፋቸዋል ወይም ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ትናንት ማታ ዘንቦ እንደሆነ ሳትመዘግቡ ጠዋት ውጡና «ዱካ የለም» ብላችሁ ጻፉ። ዝናቡ ያጠበው መሬት ባዶ ነው፤ አንባቢው ግን አውሬው የለም ብሎ ያነበዋል። አንድ ዓይነት እንስሳ ከአንድ ወረዳ ጠፋ የሚባለው አንዳንዴ እንዲህ ባለ አንድ መስመር ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ካለ የሚጠበቅለት መሬት፣ የለም ከተባለ ለሌላ ሥራ ይሰጣል።

ቁጥሩን ከሥሩ መናድ የምትፈልጉ ደግሞ ወደ ዝሆኑ ሂዱ። ወደ ዓባይ በሚፈሰው በዳቡስ ሸለቆ ዝሆን መኖሩ ተመዝግቧል። በጥቅጥቅ ቀርከሃ ውስጥ ዝሆንን በዓይን መቁጠር ስለሚከብድ የሚቆጠረው ፋንድያው ነው። ሂሳቡ ግልጽ ነው፦ በአካባቢው ያለው የፋንድያ ክምር ብዛት፣ አንድ ዝሆን በቀን የሚጥለው ክምር ፋንድያው ሳይጠፋ በሚቆይባቸው ቀናት ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ 17,000 ክምር አለ ብለን እንነሳ፤ አንዱ ዝሆን በቀን 17 ጊዜ ይጥላል እንበል። ፋንድያው 100 ቀን የሚቆይ ከሆነ ዝሆኖቹ 10 ናቸው። 50 ቀን ብቻ የሚቆይ ከሆነ ግን 20 ናቸው። በጫካው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የቀኑ ግምት ነው። ፋንድያን በበጋ ፀሐይ ያደርቀዋልና ይቆያል፤ በክረምት ዝናቡ ያፈርሰዋል፣ ጢንዚዛውም ይበትነዋል። እንግዲህ ለማበላሸት የምታደርጉት ቀላል ነው፦ በሌላ አገር፣ በሌላ ወቅት የተለካውን የቆይታ ቀን ከመጽሐፍ ገልብጣችሁ በመንጌ ነሐሴ ላይ አውሉት። ትክክለኛውን ለማግኘት ከቆጠራው ወራት በፊት እየተመላለሱ ትኩስ ክምር ላይ ምልክት ማድረግና ስንቱ እንደቀረ ማየት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ግን ሌላ አቋራጭ የለውም።

ጦጣም አለላችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ ስፓርታኮ ጂፖሊቲ የተባለው ጣሊያናዊ ተመራማሪ በኢትዮጵያና በሱዳን የዓባይ አካባቢ ያለው ቀዩ የፓታስ ጦጣ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብሎ ጽፏል። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን በሩጫ ፓታስን የሚያህል የለም፤ ውሎውም በአብዛኛው በመሬት ላይ ነው። በመስከረም ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ሳለ ቁጠሩት፤ የምታዩት ጥቂት ነው። በየካቲት ሣሩ ከተቃጠለ በኋላ በዚያው መስመር ተመለሱ፤ ብዙ ታያላችሁ። ከዚያ «በ5 ወር ውስጥ ቁጥሩ ጨመረ» ብላችሁ ደምድሙ። ከምን ያህል ርቀት እንዳያችሁት አትለኩ፤ ከለካችሁ ልዩነቱ የሣሩ እንጂ የጦጣው አለመሆኑ ይታወቅባችኋል።

ካሜራውንም ከጅረቱ አፍ ላይ፣ ግንድ ላይ ካለው የጎርፍ ምልክት በታች እሰሩት። ከፊቱ ያለውን ሣር አትጨዱ፤ ነፋስ በወዘወዘው ቁጥር ሺህ የሣር ፎቶ ያነሳላችኋል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አታስገቡለት። ማስታወሻችሁንም በእርሳስ ሳይሆን በውሃ በሚለቅ ቀለም ጻፉ፤ አንድ ዶፍ ያነጻዋል።

ስለ ሰው ሕይወት ሲሆን ግን በዚህ አጻጻፍ መቀጠል አልችልም። የሞላ ወንዝ አትሻገሩ። መብረቅ ሲጀምር ከብቸኛ ዛፍ ሥር ውጡ። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ወባ በዚያ ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል። ለተመራማሪው የተገዛው የዝናብ ልብስና አጎበር ለመንገድ መሪውም ይገዛ፤ እሱም ልጆች አሉት።

የመጨረሻው ማበላሻ ቢሮ ውስጥ የሚፈጸመው ነው። በዝናብ ምክንያት ያልወጣችሁባቸውን ቀናት ከሠንጠረዡ አጥፉ፣ ወይም በዜሮ ሙሉ። «ሄደን አላየንም» እና «አልሄድንም» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ አንዴ ከተቀላቀሉ ማንም መልሶ ሊለያቸው አይችልም። በዚህ ሥራ ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ ይህን የከፋ እለዋለሁ፤ ወንዝና መብረቅ አልሠሩትም፣ ሰው ተቀምጦ የሠራው ነው።

በአሶሳም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናት የምታማክሩ መምህራን፣ ተማሪያችሁ ከመስክ ሲመለስ ከእንስሳቱ ቁጥር በፊት የየቀኑን የዝናብ መዝገብ ጠይቁት። ከሌለው አትፈርሙለት።