ሽማግሌው መዶሻ

ደብረ ማርቆስ ክረምቱ አይቀልድም። የአሮጌ ላንድሮቨር ባሌስትራ ቡሎን የሚያልፈው በጎማው ቡሽ ውስጥ ባለ የብረት ቱቦ ነው፤ ውሃው በመካከላቸው ይገባል፣ ዝገትም ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሁለቱን አጋብቶ ያስቀራቸዋል። ጋብቻውን እንዲያፈርስ የሚላከው ሽማግሌ መዶሻ ነው! እሱም የቡሎኑን ጫፍ አደድቦ፣ ሊወጣበት የነበረውን ቀዳዳ ዘግቶበት ይመለሳል። ኃይል ከተፈለገ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ይቀጠላል፤ ያኔ የቡሎኑ ራስ ይበጠሳል፣ ቡሎኑ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ሲገጠም ግራሶ ቢቀባስ? “ግራሶ ጎማ ይበላል” ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚቀባው ቡሎኑ ነው፣ ጎማውን ደግሞ ያው ቱቦ ይጋርደዋል። “ለዚህ ማን ጊዜ አለው?” የሚሉም አሉ። ለመጋዙ ግን ጊዜ አይጠፋም፤ ቡሎኑ በግራም በቀኝም ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲሱም በደረቁ ይገባል።