ወይን የሌለበት ወይና ደጋ

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃ ሙቀት ወርደው ቤት አሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። እኔም በእርጅናዬ ከሽሮ ሜዳ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ወረድኩ። እሳቸው ወርደው ከተማ ቆረቆሩ፤ እኔ ወርጄ አንዲት አበባ ማጽደቅ አቃተኝ።

ጣጣውን ያመጣብኝ ጉልበቴ ነው። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና «አባባ፣ ይህ ቁርጥማት ብርድ አይወድም፤ ሞቅ ወዳለ ቦታ ቢሄዱ ይሻልዎታል» አለኝ። እኔ ሶደሬ ያለኝ መስሎኝ ዋና ልብስ ሁሉ አስቤ ነበር። ልጄ ግን ወሬውን ቀማችኝ። «አባዬ፣ እኛ ጋ ና። አቃቂ እኮ ይሞቃል። ደግሞ ግቢ አለን፣ የፈለግከውን ትተክላለህ።» ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ባትጨምር ኖሮ ጉልበቴን ታቅፌ እዚያው እሞት ነበር።

ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔዎቹ ጀርባ፣ አርባ ዓመት የተንከባከብኩት ግቢ ነበረኝ። ኮኩ ጎረቤት ሁሉ የሚለምነው ነው። ጌሾው የሰፈሩን ጠላ ይችላል። ከጨንቻ ያስመጣሁት አፕል በዓመት ሰባት ፍሬ ይሰጠኛል፤ ሰባቱንም በየስማቸው አውቃቸው ነበር። ይህን ሁሉ ለተከራይ ትቼ፣ የአፕሉን ልጅ በዘይት ጀሪካን ተክዬ፣ አይሱዙ ላይ ከፍራሹ ጎን ታቅፌው ወረድኩ። ባለቤቴ ገቢና ተቀምጣ ነበር። ለእሷ ያልደረሰው እቅፍ ለአፕል ደረሰ እያለች እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ሞኝነቴ ስሙን ማመኔ ነው። በልጅነታችን አስተማሪው በአለንጋ ያስጠኑን ነገር መቼ ይረሳል? ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ። ሽሮ ሜዳ ደጋ ነው፤ አቃቂ ወደ 2100 ሜትር ግድም ስለሆነ ወይና ደጋ። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ አለፍ የሚል ሙቀት ይጨመራል ይላሉ፤ ደምሬ ደምሬ ሦስት ዲግሪ አገኘሁ። ለሦስት ዲግሪ የአርባ ዓመት ግቢ! ብቻ ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ነው ብዬ ከሁሉ በፊት የወይን ችግኝ ገዛሁ። ከዚያ ፓፓያ። ከዚያም፣ ሰው አይስማብኝና፣ ማንጎ።

የደረስነው በግንቦት ነው። መሬቱ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። የአቃቂ ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ክንዴን እስከ ክርኔ ይውጣል። በሁለተኛው ቀን የመከርከሚያ መቀሴ ከእጄ አመለጠና አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። በሽቦ ጎረጎርኩ፣ በእንጨት ቆሰቆስኩ፤ ድምፁ ይሰማል፣ መቀሱ አይወጣም። ቆይ ነገ አወጣዋለሁ ስል ሰኔ ገባ። ዋልካ ሲርስ ደግሞ ያብጣል። መሬቱ መቀሴን እንደ ጎረሰ አፉን ገጠመ።

ከድጡ ወደ ማጡ የሚለውን የተረተ ሰው አቃቂን ሳያይ አልቀረም። ሽሮ ሜዳ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ቁልቁል ይሄዳል፣ እኔም ወደ ቤቴ እገባለሁ። እዚህ ውኃውም አይሄድም፣ እኔም አልሄድም። ያን ክረምት ከእነ ቦቲዬ ሁለት ጊዜ ሰው ነቅሎኛል፤ አንድ ጊዜ ያለ ቦቲዬ። ዶማ ብሰነዝር ጭቃው ዶማውን ይዞ አልለቅም ይላል። ወይኑ ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ቅጠሉ አመድ የነፉበት መስሎ፣ ነሐሴን ሳያይ ሄደ። ወይን ያለው እኮ ዝዋይ ነው፣ እዚያ ወደ 1600 ሜትር ዝቅ ይላል አሉኝ በኋላ። ታዲያ ይህን ለምን ወይና ይሉታል? ጠይቄ መልስ የሰጠኝ የለም።

ከአጥራችን ማዶ የሚያርስ አንድ ጎረቤት አለ፤ አፈሩን በኦሮምኛ ኮቲቻ ይለዋል። መከራዬን ክረምቱን ሙሉ በዝምታ አይቶ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ በዚህ መሬት አይቸኮልም። ክረምቱን ይተዉለት። መስከረም ላይ ውኃው ሲሸሽለት ሽምብራ ይዝሩበት፤ በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል» አለኝ። እኔ የጽጌረዳ ሰው ሽምብራ! አመስግኜ ሸኘሁት፤ ሰውየው የሰጠኝን አንድ ጣሳ ዘር ግን፣ ሰው እንዳያየኝ ማታ፣ ከጓሮ በኩል በተንኳት።

ስለ ወንዙ ባላነሳ ደስ ይለኝ ነበር። ቀበና ከእንጦጦ ሥር ተነስቶ፣ ከተማውን ሰንጥቆ፣ ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል። ሽሮ ሜዳ ሳለሁ ክረምት በመጣ ቁጥር የማያስፈልገኝን ሁሉ ወደ ጎርፉ እወረውርና «ወረደልኝ» እል ነበር። የት እንደሚወርድ አሁን አየሁት። የከተማው እጣቢና የየፋብሪካው ፍሳሽ ተጨምሮበት ቀለሙ እንደ ቀኑ ነው። ጎመንህን በእሱ አጠጣ ያለኝ ሰው ነበር። እኔ የጣልኩትን መልሼ አልበላም ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ብሶቴ። ኅዳር ገባ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ቀን ቀን ፀሐዩ መላጣዬን ይጠብሰዋል። ፓፓያው ወገቤ ደርሷል፤ ለልጄ ባል «ለፋሲካ ከራሳችን ጓሮ» እያልኩ እፎክራለሁ። አንድ ጠዋት ብወጣ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ፈሷል። ውርጭ! በአቃቂ! ጎረቤቴ ምንም አልደነቀውም። ደመና በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፤ ከተራራው እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስና ሜዳው ላይ ይተኛል። ከዳገቱ ይልቅ ሜዳውን የሚመታውም ለዚህ ነው አለኝ። እንግዲህ ስሙልኝ፦ ከእንጦጦ ሥር የሸሸሁት ብርድ ማታ ማታ ተከትሎኝ ይወርዳል ማለት ነው። እኔ ለአይሱዙ ከፍዬ የመጣሁትን መንገድ እሱ በነፃ።

አፕሉስ? አፕል ሳምንታት የዘለቀ ብርድ ካልጠገበ ከእንቅልፉ በወጉ አይነቃም፤ የሌሊት ውርጭ ቢመታው ቀን ፀሐዩ ያባብለዋል። ቆሞ እንደ ዘበኛ ያየኛል፣ አበባ የለ፣ ፍሬ የለ። ለአፕሉ ሙቀት በዛበት፣ ለፓፓያው ብርድ በዛበት፤ በአንድ ግቢ፣ አራት እርምጃ ተራርቀው! ማንጎውን አትጠይቁኝ። ቅጠሉ ያምራል።

ሽምብራዋ ብቻ፣ ማንም ሳይኮተኩታት፣ ጓሮውን ሞልታ እሸት ያዘች። የሰፈር ልጆች በአጥር እየሾለኩ ይጨርሱልኛል። አንዱን ይዤ ብቆጣ «አባባ፣ የእርስዎ ነው እንዴ? እኛ የበቀለ መስሎን ነው» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ሁለት ፓፓያ ቢተርፉልኝ ታኅሣሥን ሙሉ እነሱን ስጠብቅ ከረምኩ። ማዳበሪያ ጆንያ አለበስኳቸው፤ ትልቁ ግን ረዝሞ ከጆንያው አለፈ። ትናንት ሌሊት ኮከቡ ጥርት ብሎ ሳይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ወጥቼ ጋቢዬን ደረብኩለት። ጠዋት ባለቤቴ በመስኮት አይታ «ማነው ግቢ ውስጥ የቆመው ሰውዬ?» ብላ ጮኸች። እኔ አልጋ ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ እንቀጠቀጣለሁ። ለጉልበትህ ሙቀት ፍለጋ አልነበር የመጣነው ስትለኝ፣ ዞር ብዬ «ቀስ በይ፣ ገና አልነቃም» አልኳት።