ኧረ ከፍ ይበሉ!

በጽዋ ማኅበር ቤት ሽሚያ የሚበዛበት መቀመጫ የቱ እንደሆነ የማያውቅ እንግዳ፣ ከቄሱ ጎን ያለው ሶፋ ይመስለዋል። የለም። ሰው የሚሻማባት በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ናት።

ምክንያቱም ወንጌል ተምረናል። ጌታችን የተጠሩ እንግዶች የከበሬታውን ስፍራ ሲመርጡ አይቶ፣ ሰርግ የተጠራ ሰው ዝቅ ካለው ቦታ ይቀመጥ፣ ጋባዡ ራሱ መጥቶ ከፍ ያደርገዋል ብሎ እንዳስተማረ ሉቃስ በምዕራፍ 14 ጽፎልናል። ይህን ትምህርት እኛ ማኅበርተኞች ቃል በቃል ይዘነዋል፤ በተለይ «ከፍ ያደርገዋል» የምትለዋን።

ጋሼ ይገባሉ። አንድ እግራቸው ገና ደጅ እያለ በርጩማዋ ላይ ቁጭ።

«ኧረ ጋሼ ከፍ ይበሉ!»

«ግዴለም፣ እዚህ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

«እኔ ምናምንቴው ለየትኛው ወጌ ነው?»

«እኔ ልሙት ከፍ ይበሉ!»

አባወራው ሦስት ጊዜ ያህል ከሞተ በኋላ ጋሼ እያዘኑ ይነሳሉ፤ እያዘኑም ሶፋው ላይ ይደላደላሉ። በርጩማዋ ሙቀቷ ሳይወጣ ሌላ ትሑት ይቀመጥባታል፤ አባወራውም እንደገና መሞት ይጀምራል። ዳቦው ተባርኮ እስኪቆረስ ድረስ በዚያ ቤት የሚሞተው ሰው ብዛት ጦር ሜዳም አይታይ።

ጉዱ የሚፈላው አባወራው ጠላ ሲያስቀዳ አንዱን የረሳ ዕለት ነው። ሰውዬው በርጩማው ላይ ይጠብቃል። ያስላል። «ኧረ እዚህ በጣም ይመቻል» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ጥሪው ይቀራል። በሚቀጥለው ወር እሱም ይቀራል፤ ወገቤን ብርድ መትቶኝ ነው ይላል። ሽማግሌ ሲላክበት እውነቱ ይወጣል፦ «እኔ በትሕትና ዝቅ ብል፣ እሱ እዚያው ይተወኝ?»

ይህ ሕመም ከእኛ ጋር የተወለደ እንዳይመስላችሁ። ከ1,600 ዓመት በፊት በግብፅ በረሃ አባ ሰራፕዮን ዘንድ አንድ መነኩሴ በእንግድነት መጣ። አባ ጸሎት አድርስልን ቢሉት፣ እኔ ኃጢአተኛ ለዚህ ልብስ እንኳ አልገባም አለ። እግርህን ልጠብህ ቢሉት ያንኑ ደገመ። ማዕድ አቀረቡለት። ሲበላ ሳለ በቀስታ መከሩት፦ ልጄ፣ ከቦታ ቦታ ከምትዞር በበዓትህ ተቀመጥና በእጅህ ሥራ። የእንግዳው ፊት ልውጥውጥ አለ። አባም፣ እስካሁን በደለኛ ነኝ ስትል ቆይተህ ይህችን ትንሽ ምክር እንዴት መሸከም አቃተህ አሉት። ታሪኩን የተረከልን ዮሐንስ ካስያን ነው።

አባ ሰራፕዮንን አንድ ወር ብቻ የማኅበራችን እንግዳ ባደረግናቸው! እኛ ዘንድ «እኔ ኃጢአተኛው» ለሚል ሰው ደንበኛው መልስ «ኧረ እርስዎማ ጻድቅ ነዎት» ነው። አንድ ወጣት ማኅበርተኛ «ልክ ነው፣ ባለፈው የጎረቤትዎን አጥር ገፍተው የለ?» ብሎ ቢመልስ፣ ጋሼ ያን ሁሉ ትሕትና በአፍንጫቸው ነበር የሚተነፍሱት።

ወደ ሙሴ እንምጣ። እንደሚታወቀው የጽዋ ማኅበር መሪ «ሙሴ» ይባላል። የእኛው ሙሴ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሲያዩ የሲና ተራራ በድምፃቸው ይናወጣል፤ ቅጣት ያልከፈለማ አይነሳ! የመጽሐፉ ሙሴ ግን በምድር ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ የዋህ እንደነበር ተመስክሮለታል፤ ዘኁልቍ ምዕራፍ 12። ደስ የሚለው፣ ምስክርነቱ የተሰጠው በእኛው ዘመድ ምክንያት መሆኑ ነው። ማርያምና አሮን ወንድማቸውን ያሙት ኢትዮጵያዊት አግብቷል ብለው ነበር። አማቻችን ሙሴ ስለ ራሱም ስለ ሚስቱም አንዲት ቃል አልመለሰም። መልሱን እግዚአብሔር ሰጠ፤ ማርያም በለምጽ ስትመታም እንድትድን የለመነላት ያው የታማው ሰው ነው።

ታዲያ ይኸው ሙሴ የወርቁን ጥጃ ያየ ዕለት ጽላቱን ከተራራው ሥር ሰባብሯል፤ ጥጃውንም አቃጥሎ፣ ፈጭቶ፣ በውሃ በትኖ አጠጥቷቸዋል። የዋህ ማለት የማይቆጣ ሰው የሚመስላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሙሴ ለራሱ ዝም አለ፣ ለአምላኩ ተቆጣ። እኛ ገለበጥነው። ደሀ ሲበደል፣ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲጎድል «እኔ ምን አገባኝ፣ እግዜር ያውቃል» እንላለን፤ ለበርጩማ ግን ሽማግሌ እናስልካለን።

ጸሎተ ሐሙስም አለ። ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ስንቱ ነው ታዲያ በዋዜማው ተረከዙን በድንጋይ ሲፈገፍግ፣ በሳሙና ሲያሽ የሚያመሽ! የታጠበ እግር ለማሳጠብ የምንጋፋው ነገር ግራ ያጋባል። ጌታ እግሩን ሊያጥበው ሲቀርብ፣ ጴጥሮስ መጀመሪያ እግሬንማ አታጥብም ብሎ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ እጄንም ራሴንም እጠበኝ አለ። ለማኅበራችን ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ «ከፍ ይበሉ» ሳሎን ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ አለ። ጠላውን የጠመቁ፣ ዳቦውን ሌሊት የጋገሩ፣ አሁንም ጭስ ውስጥ ቆመው ወጥ የሚያማስሉ እናቶች አሉ። እነሱን ከፍ ይበሉ ያላቸው የለም፤ ገና መች ተቀመጡና! ጳውሎስ በገላትያ ምዕራፍ 5 ከዘረዘራቸው 9 የመንፈስ ፍሬዎች እምነት 7ኛ፣ የውሃት 8ኛ ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሳይሻሙ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየኋቸው ጓዳ ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ ልጅ ቢታመም፣ ወሩ በደረሰ ቁጥር ያው ሰዓት ላይ ይገኛሉ፤ ቅጣት የከፈለች አንዲትም አላየሁ። በዚያ ላይ ማኅበርተኛ ተብለው የተመዘገቡት ባሎቻቸው ናቸው።

የማኅበራችን ሙሴ ሆይ፣ ይህን ካነበቡት አንድ ልመና አለኝ። በሚመጣው ወር መዝገቡ ሲወጣ የጓዳዎቹም ስም ይጻፍበት። መዋጮ እንዳይጠይቋቸው አደራ፤ ከፍለው ጨርሰዋል።