ጥፍር ይታያል

ተረት ተረት። የመሠረት።

እንስሳት ጂንካ ላይ መሥሪያ ቤት ከፈቱ። ቦታው ከተማው መሐል፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብት ይባረርበት ከነበረው ከአሮጌው ማረፊያ ሜዳ ዳር ነው። ወረቀታቸው የነሪ ወንዝ ጭቃ፣ ብዕራቸው እግራቸው ሆነ። በመጀመሪያው ስብሰባ "ዱካ ሁሉ እኩል ነው፤ የሥራ ዱካ ግን የከብት ኮቴ ይሁን" ብለው ወሰኑ። የተከፋ አልነበረም፤ የጋራ ጽሕፈት ከሌለ ጅግራ የጻፈችውን ጉሬዛ በምን ያነበዋል? ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል ዕውቅና ሰጥቶ የክልሎችን የሥራ ቋንቋ ነገር ለክልሎቹ ተወላቸው፤ አፉን በሐመርኛ ወይም በዳሰነችኛ የፈታ የወረዳ ሠራተኛም ሪፖርቱን በአማርኛ ይጽፋል።

ጣጣው የመጣው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲጀመር ነው። መዛኙ ጋሽ በሬ ነበሩ፤ በቀይ አፈር ያርማሉ። ክፉ አልነበሩም። ኮቴን ከእናታቸው ሆድ ይዘውት ስለወጡ ብቻ፣ የተቸገረበት ሁሉ ሰነፍ ይመስላቸዋል። የወይፈን ሪፖርት ሲመጣ ፊታቸው ይፈካል፦ "በወይጦ ዳርቻ ያለው የግጦሽ ሁኔታ በአመርቂ ደረጃ ላይ እንደሚገኝ ተረጋግጧል።" የትኛው ዳርቻ? ለስንት ቀን የሚበቃ ሣር? የለም። ኮቴው ግን እንደ ማኅተም ጥርት ብሎ አርፏል። አምስት ከአምስት።

አዞ ከኦሞራቴ የላከው ሌላ ነው። በዚያ ጥፍራም እግሩ ኮቴ ለማስመሰል ሲታገል ሆዱ ግማሹን ደፍጥጦት፣ ጭራው መስመሩን ሰርዞት ነበር። "ውኃ መጣች። ከብቱ ዳር አይደሩም። ቀን ሁለት ቀረች" ይላል። (አዞ ለከብት መጨነቁ ይገርማል፤ ተረት ነው።) ጋሽ በሬ የመጨረሻዋን ሰርዘው "ሁለት ቀን ቀርቷል" ብለው አረሙ። ከግርጌው "ጥፍር ይታያል፤ ተስተካክሎ ይቅረብ" የሚል ጨምረው መለሱት። ሁለት ከአምስት።

ኦሞ ሲሞላ ቀልድ እንደማያውቅ፣ ነሐሴ 1998 ጎርፉ ከ300 በላይ ሰው የወሰደበት ዳሰነች ያውቃል። ሪፖርቱ ለእርማት ቁልቁል ሲወርድ ውኃው ደርሶ፣ ዳር ያደሩትን ጥጆች ጠርጎ ሄደ።

ስብሰባ ተጠራ።

"በአግባቡ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ እንረዳው ነበር" አሉ ጋሽ በሬ።

ኤሊ ጭቃውን ወደ ብርሃን አዞረችው። "ጋሼ፣ ካልተረዱት በምን አረሙት? 'ሁለት ቀን ቀርቷል' ብለው የጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት።"

ጋሽ በሬ ማመንዠክ ጀመሩ፤ መልስ ሲያጥራቸው ልማዳቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ምዘናው ለአህያ ተሰጠ። የጸሐፊው ስም በቅጠል ይሸፈናል፣ ፍየል ሪፖርቱን ጮክ ብላ ታነባለች፣ አህያ የተባለው ቦታ ሄዳ የተባለውን ታደርጋለች። በጆሮ ጥፍር አይታይም። በወይፈን ሪፖርት ወይጦን ቀኑን ሙሉ ዞራ በባዶ ሆዷ ተመለሰችና "የተረጋገጠው የት ነው?" አለች። በአዞ፦ "ዋርካ ሁለት። መሐል ግቢ። ሣር አለች።" ገባች፤ ጠግባ ወጣች። ጅግራ ግን ግራና ቀኙን አቀያይራ ጽፋ ኖሮ፣ አህያዋ ማጎ ውስጥ አንበሶች ራት ሰዓት ላይ ደረሰች። የተመለሰችው በአንድ ጆሮ ነው።

"ኮቴ ለጅግራ አዲስ ነው፣ ይታለፍላት" ያሉ ነበሩ። ኤሊ እንቢ አለች። "ጥፍር ሌላ፣ ግራና ቀኝ ሌላ። ይታለፍላት የምትሉ፣ መጀመሪያ አህያዋን ጠይቁ።"

አዞ አራት ከአምስት አገኘ። ለውጤቱ ጂንካ ድረስ ወጥቶ ነበርና ከመሄዱ በፊት እጁን አወጣ። "አራቷን ተቀብያለሁ። ኮቴ የሚያስተምረኝ መቼ ነው የሚላክልኝ? እስከ ዛሬ ታረምኩ እንጂ አልተማርኩም።"

"በጀት ሲለቀቅ" አሉ ጋሽ በሬ። ፍየልም ጥያቄውን በቃለ ጉባኤው "ልዩ ልዩ" ከሚለው ሥር አሰፈረችው።