ውዳሴ ቅባት

ነገሥታት የሚነግሡበትን ቅብዐ መንግሥት፣ ሕፃናት ከጥምቀት በኋላ የሚታተሙበትን ሜሮን፣ ድውያን የሚጽናኑበትን ቅብዐ ቅዱስ፣ እናቶቻችንም በበዓል ዋዜማ በራሳቸው ላይ የሚያኖሩትን ለጋ ቅቤ ሳይቀር አበው በየመዓርጉ አመስግነው ሲያበቁ፣ በዘመናችን ለተገለጠውና ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለሚወደደው፣ መወደዱም በፍቅር ብቻ ሳይሆን በዋጋም ጭምር ለሆነው ለሸንተረር ማጥፊያ ቅባት አንድ ስንኳ ውዳሴ የሚደርስለት ሊቅ ሳይነሣ መቅረቱ ስላሳዘነኝ፣ ችሎታዬ ባይፈቅድም ይህችን አጭር ድርሰት ላበረክትለት ተነሣሁ። በጎንደር ዘመን ሊቃውንቱ በቅባት ነገር ሲከራከሩ፣ ጉባኤ ሲያስጠሩና ሲወጋገዙ ኖረዋል፤ የዛሬው ቅባት ግን ጉባኤ ሳይቆምለት፣ መጽሐፍ ሳይገለጥለት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ አገሩን ሁሉ አሳምኗል።

ሸንተረር ስል የስሜንን ወይም የላስታን ተራራ ማለቴ አይደለም፤ ሴት ስትፀንስ በሆዷ፣ በጡቷና በዳሌዋ ላይ የሚሰመረውን፣ ከተሜው «ስትሬች ማርክ» የሚለውን መስመር ነው እንጂ። ሐኪሞች እንደሚሉት ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ50 እስከ 90 በሚሆኑት ላይ ይወጣል፤ እንግዲህ ከሌለባት ይልቅ ያለባት ትበዛለች። ነገር ግን ብዙኃኑ ያላቸውን ነውር፣ ጥቂቶች ያላቸውን ሥርዓት ማድረግ ከንግድ ጥበባት ሁሉ የላቀው ጥበብ ስለሆነ፣ ነጋዴው አስቀድሞ ኀፍረቱን በነጻ ያድላል፣ ቀጥሎም መድኃኒቱን በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። ጎረምሳም ቁመቱ በአንድ ዓመት ሲመዘዝ ያው መስመር በወገቡ ላይ ይወጣበታል፤ ዳሩ ግን የወንድ ወገብ ገበያ ስለሌለው ነውሩም እስካሁን አልተፈለሰፈለትም።

የዚህን ቅባት ተአምር በዓይኔ ያየሁት የእኅቴ ልጅ አምስተኛ ወሯን በያዘች ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ አብረኸኝ ሂድ፤ ብቻዬን ስሄድ ዋጋ ይቆልሉብኛል» ብትለኝ ከዘራዬን ይዤ ወደ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ተከተልኋት። ሻጯ ገና ሆዷን እንዳየች «ነይ የኔ እናት» ብላ ሦስት ጠርሙስ ደረደረች፤ አንዱ የካካዎ ቅቤ ያለበት፣ ሁለተኛው ከወይራ ዘይት፣ ሦስተኛው ከአልሞንድ የተሠራ ሲሆን፣ ዋጋቸው ሲደመር ለፋሲካ የሚበቃ በግ ይገዛል። «ጠዋትና ማታ እያሸሽ ከተቀባሽው አንዲት መስመር አትወጣብሽም» ስትል፣ እኔ ሞኙ «የወጣች እንደሆነስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቱ ቅንጣት ሳትደነግጥ፣ አራት ዓይና መምህር አንድምታ እንደሚያወርድ አወረደችው፦ አንድም ዘግይታ ጀምራለች፤ አንድም ማታ ማታ ትታዋለች፤ አንድም አስመስለው የሠሩትን ገዝታለች፤ አንድም አንድ ጠርሙስ አልበቃትም። ቃሉ የእሷ ነው፤ «አንድም» የምትለዋን ብቻ እኔ ጨመርሁ።

እንዲህ ያለውን ትርጓሜ የሰማ ሰው እጅ ከመንሣት በቀር ምን ይላል? መስመሩ ካልወጣ ቅባቱ ተአምር ሠራ፤ ከወጣም ጥፋቱ የተቀባችው ነው። አያቴ በፀነሰች ቍጥር ሾተላይን ፈርታ ከደብተራ የተገዛ ክታብ በአንገቷ ታንጠለጥል ነበር፤ እኛም በአስኳላ የተማርን የልጅ ልጆቿ በአያታችን የዋህነት ብዙ ሥቀናል። ይሁን እንጂ አያቴ የፈራችው የልጅ ሞት ነበር፤ ደብተራውም ለብራናው ያስከፈላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተማረችው የልጅ ልጇ ልጅ የምትፈራው መስመር ነው፤ ክታቧም በየወሩ ያልቃል።

ነገርን ሁሉ ካልመዘኑ የማያምኑ አንዳንድ ሐኪሞች ግን በዚህ ምሥጢር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በሊባኖስ 210 የመጀመሪያ ልጃቸውን የፀነሱ ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ለእኩሌቶቹ የካካዎ ቅቤ ያለበትን፣ ለእኩሌቶቹ የሌለበትን ቅባት ቢሰጡ፣ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሴት ላይ ሸንተረሩ ወጣ። ካካዎ በሚበቅልባት በጃማይካም ተመሳሳይ ፈተና ተደርጎ ተመሳሳይ መልስ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 800 ሴቶች የተካፈሉባቸውን 6 ጥናቶች አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎች፣ በቆዳ ላይ ከሚቀቡት ነገሮች ሸንተረርን ለመከላከሉ አስተማማኝ ማስረጃ የቀረበለት አላገኘንም ብለው ጻፉ። እኔ ግን በእነዚህ ሰዎች ድፍረት አዝናለሁ፤ የእምነትን ነገር በቍጥር መፍታት ማን ፈቀደላቸው?

የቆዳን ነገርስ ከሐኪሞቹ በፊት ብራና ፋቂው ያውቀዋል። ቆዳውን በእንጨት ላይ በገመድ ሲወጥር፣ ቆዳ ጊዜ ካልተሰጠው ከውስጥ እንደሚቀደድ፣ ሲያርዱት በቢላዋ የተነካች ትንሽ ቀዳዳም በውጥረቱ ብዛት እንደ ዓይን ሞላላ ሆና እንደምትከፈት ልምድ አስተምሮታል። የሰውም ቆዳ እንዲሁ ነው፤ መቀደዱ የሚሆነው ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉት ጅማቶች በሚገኙበት በታችኛው ንብርብር ሲሆን፣ ቅባቱ የሚቀመጠው ግን በላይኛው ነው። የተሰበረ ምሰሶ በቤት ውስጥ ሳለ ግድግዳውን ከውጭ በኖራ መለሰን ማለት ይህ ነው። ማን ይወጣበታል፣ ማንስ ይተርፋል የሚለውን ከጠርሙሱ ጽሕፈት ይልቅ የእናቷ ሆድ ይናገራል፤ ነገሩ በትውልድም የሚወረስ ነውና። ቅባቱስ ምንም አይሠራም ብዬ ሐሰት አልናገርም፤ የተወጠረ ቆዳን ማሳከክ ያበርዳል፣ ያለሰልሳልም። ሸንተረሩም ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ከቀይነቱና ከጥቁረቱ እየፈዘዘ ሲሄድ፣ ጊዜ ይሠራል፣ ቅባት ደመወዙን ይበላል።

የሱቁን መደርደሪያ ትኩር ብዬ ስመለከት ደግሞ የባለቤቱ ጥበብ ከሰሎሞን ጥበብ በላይ ሆነችብኝ። ከሸንተረር ማጥፊያው በላይ ባለው እርከን ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች ተደርድረዋል፤ እንዲህ ባሉት ቅባቶች ውስጥም ሐኪም ለቆዳ ሕመም በልክና ለጥቂት ጊዜ የሚያዝዛቸው፣ ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል የሚባሉ የስቴሮይድ ቅመሞች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። እነዚህ ያለ ልክ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ያሳሱትም ቆዳ ላይ ሸንተረር ያወጣሉ። ስለዚህ የላይኛው እርከን ይቀድዳል፣ የታችኛው እርከን ልስፋ ይላል፣ ባለ ሱቁም በመካከል ቆሞ ከሁለቱም ግብር ያስገባል። ትሬቲኖይን የሚባለው መድኃኒት በአዲስ ሸንተረር ላይ ጥቂት እንደሚረዳ ታይቷል፤ እሱን ግን ነፍሰ ጡር እንዳትቀባ ተከልክሏል፤ ሸንተረር ለማደብዘዝ የሚተኮሰው የሌዘር ጨረርም በጥቁር ቆዳ ላይ ካልተጠነቀቁበት ከመስመሩ የባሰ ጠቃጠቆ ትቶ ይሄዳል።

አያቶቻችን ምን ያህል ኋላ ቀር እንደ ነበሩ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። እነሱ በመርፌ እየተወጉ፣ ደም እየፈሰሳቸው በአንገታቸው ላይ መስመር በመስመር ንቅሳት ያስነቅሱና ለነቃሿ ይከፍሉ ነበር፤ እኛ ሥልጡኖቹ ደግሞ መስመር ለማስጠፋት እንከፍላለን። የአርበኛውን የጥይት ጠባሳ አይተን ኒሻን ደረቱ ላይ እንሰካለን፤ ሰው ስታወጣ ቆዳዋ የተቀደደውን ሴት ግን «ይህን የሚያጠፋ ነገር አለ» ብለን እናጽናናታለን። የብራና ጸሐፊውም ቢሆን ለካ አላዋቂ ነበር! ብራናው ላይ ያቺን ሞላላ ቀዳዳ ባገኘ ጊዜ ቅጠሉን አይጥለውም፤ ዳዊቱን ሲጽፍ በቀዳዳዋ ዙሪያ ፊደሉን አዙሮ ያልፋል፣ ንባቡም አንዲት ቃል ሳትጐድልበት ይቀጥላል።

የእኅቴ ልጅ ሦስቱንም ጠርሙስ ገዝታ፣ እንደ ቀኖና ጠዋትና ማታ ሳታስታጕል ተቀብታ፣ ወሯ በገባ ጊዜ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሦስት ጊዜ እልል ተባለ፤ ገንፎው ተገነፋ፣ ጎረቤቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ። ሕፃኗ ከማጅራቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቡናማ ምልክት ይዛ ተወልዳለችና አሮጊቶቹ ተራ በተራ እየገለጡ «እዩ፣ ማርያም ስማታለች!» ተባባሉ፤ ያንን ምልክት የሚያጠፋ ቅባት የጠየቀ ማንም አልነበረም። አራሷ ግን ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ፈስሶ ሸንተረሩ ከእምብርቷ በታች እንደ ወጣ በሹክሹክታ ተናገረች። እኅቴም «አንቺን ስወልድ እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

የተረፈው ጠርሙስ እንዳይጣል ነው መሰል፣ በሳልስቱ ስገባ እኅቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የካካዎውን ቅባት የተሰነጠቀ ተረከዟን ታሽበት ነበር። «ለካ ለንቃቃት ደኅና ነው» አለችኝ።